በድርድር ያመነ ሰው ይግባኝ ይከልከል?

የሕግ ተማሪ፣ አቶቴ፦
ትናንት ሻይ ላይ የጀመርነውን እዚህ እንቀጥል። አንድ ተከሳሽ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ፣ ክሱ ተቀንሶለት ጥፋቱን አመነ እንበል። ከተፈረደበት በኋላ «ጥፋተኛ መባል አልነበረብኝም» ብሎ ይግባኝ ይበል? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 185፣ አምኖ የተፈረደበት ሰው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ካልሆነ ይግባኝ የለውም ይላል። ያኔ ድርድር አልታሰበም። የጥፋተኝነት ድርድር የመጣው በ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ነው። እኔ በሩ ጨርሶ አይዘጋ ባይ ነኝ።

ከፒያሳ፦
አልስማማም። ቅናሹን ወስዶ ቃሉን ማጠፍ የለም። ዐቃቤ ሕጉ እሱን አምኖ ምስክር ሳያሰማ መዝገቡን ዘግቷል። በኋላ ምስክሮቹን ከየት ይሰበስባል? የተበዳዩንም ቤተሰብ አስቡ። ጉዳዩ አለቀ ተብለው ሄደው እንደገና መጥሪያ ሲደርሳቸው ግፍ ነው።

ጠበቃ፣ ታቦር፦
ወንድሜ፣ የተበዳዩ ነገር እኔንም ያመኛል። ግን ችሎቱን ላሳይህ። ዳኛው ክሱን አንብበው «ፈጽመሃል?» ይላሉ። ሰውየው «አዎ መታሁት፣ ግን ዱላ ቀድሞ ያነሳው እሱ ነው» ይላል። በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 134 አመነ የሚባለው ክሱን በሙሉ፣ ያለ ምንም ማወላወል ሲቀበል ነው። ያ «ግን» ራስን መከላከል ነው፤ ክዶ ተከራክሯል ማለት ነው። መዝገቡ ላይ «አምኗል» ተብሎ ብቻ ከሰፈረስ? ቁጥር 135 ዳኛው «አምኗል» የተባለውን ወደ «ክዷል» እንዲያርሙ ይፈቅዳል። ካላረሙት ከይግባኝ በቀር ማን ያየዋል?

ከፒያሳ፦
እሱ የዳኛ ስህተት ነው። ድርድር ላይ እኮ ጠበቃ አጠገቡ አለ።

ከመናኸሪያ፦
የታለ ጠበቃው? ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። ዋስትና ተከልክሎ ታስሮ ሳለ «ካመንክ የታሰርከው ይታሰብልህና ትወጣለህ» ተባለ። ልጆቹ ጾማቸውን ያድሩ ነበር። አመነ፣ ወጣ። አሁን ሥራ ሊቀጠር ሲል «ከወንጀል ነፃ» የሚል ወረቀት አምጣ ይሉታል። ያንን ማን ነገረው ሲያምን?

የሕግ ተማሪ፣ አቶቴ፦
እህቴ ነገሩን ጨረሽው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቁም፣ ቋንቋው ለማይገባውም አስተርጓሚ ይመደብ ይላል። እነዚህ ከሌሉ የእምነት ቃሉ የማን ነው? ድርድር በሞላበት አሜሪካ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአይዳሆ በመጣ ጉዳይ፣ ይግባኝ አልልም ብሎ የፈረመ ደንበኛ «አስገባልኝ» ካለ ጠበቃው ማስገባት አለበት ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል።

ከፒያሳ፦
እሺ፣ ተገዶ ወይም ሳይገባው ላመነ ይሁን። ስለ ማስረጃው ግን አይከራከር። ጊዜውም አይንዘላዘል።

ጠበቃ፣ ታቦር፦
ጊዜው አሁንም አጭር ነው፤ ይግባኝ ባዩ በ15 ቀን ማስታወቅ አለበት። እኔ የምጠይቀው በፈቃዱ ማመኑና የገባው መሆኑ እንዲመረመር፣ ያመነው ነገርም በሕጉ ወንጀል መሆኑ እንዲታይ ነው።

ከፒያሳ፦
ቢሳካለትስ? ቅናሹን ይዞ ይቀራል?

ጠበቃ፣ ታቦር፦
አይቀርም። ድርድሩ ፈርሶ የመጀመሪያው ክስ ሙሉውን ይመለስ። ጠበቃውም ይህን ይግባኙ ከመግባቱ በፊት በግልጽ ይንገረው።