የዴቭን ቀጣይ ክፍል መስራት «የጨረቃ ቤት» ነው እንዴ?

ብሎክ 17
ቅዳሜ ወጣት ማዕከሉ ውስጥ የተባለውን ሰምቼ እስከ ዛሬ ሆዴ እያረረ ነው። የ11ኛ ክፍል ልጅ፣ እዚሁ የካ አባዶ ያደገ፣ የድሮው የኮምፒውተር ጌም የዴንጀረስ ዴቭ ቀጣይ ነው ብሎ 12 አዲስ ሌቭል ሰርቶ አሳየን። በድሮው ጌም በሩን የሚከፍተውን ዋንጫ አውጥቶ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወረቀት አድርጎታል፣ ወረቀቱን ሳታነሳ በሩ አይከፈትልህም። አዳራሹ እያጨበጨበ እያለ ዳኛ ሆነው የመጡት ኢንጂነር ማይክ ይዘው «ይሄ የጨረቃ ቤት ነው፣ በሰው መሬት ላይ በሌሊት የተሰራ» አሉት። ልጁ ላፕቶፑን ዘግቶ ወጣ። የወደድከውን ጌም መቀጠል ከመቼ ጀምሮ ነው ወረራ የሆነው?

የአያቱ ኢንጂነር
ያልኩት እኔ ነኝ፣ እዚህም እደግመዋለሁ። ልጁ ጎበዝ እንደሆነ እዚያው መድረክ ላይ ተናግሬያለሁ፣ እሱን ግን ማንም አላነሳም። ዴቭን በ1988 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የፈጠረው ጆን ሮሜሮ ነው። ስሙ፣ ኮፍያው፣ አዘላለሉ ሳይቀር የሰው ድካም ነው። እኔ የጻፍኩት የደመወዝ ፕሮግራም ስሜ ተፍቆ ሌላ ቦታ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ለማንም አልመኝም። ወጣቱ ገና ሲጀምር ይሄን ካልተነገረው መቼ ሊነገረው ነው?

የ80ዎቹ ልጅ
ጋሽ ኢንጂነር አከብርዎታለሁ፣ ግን ሮሜሮን ምሳሌ ካደረጉ ታሪኩን ሙሉውን ይንገሩን። መስከረም 1990 የሮሜሮ የስራ ባልደረቦች ጆን ካርማክ እና ቶም ሆል አንድ ሌሊት ቁጭ ብለው የኒንቴንዶን የሱፐር ማሪዮ 3 የመጀመሪያ ሌቭል ፒሲ ላይ ገለበጡት፣ ማሪዮን አወጡና ዴቭን አስገቡበት፣ ጠዋት ሮሜሮ ቢሮ ሲገባ ፍሎፒው ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀው ነበር። ስሙንም ራሳቸው «ዴንጀረስ ዴቭ ኢን ኮፒራይት ኢንፍሪንጅመንት» አሉት፣ ዴቭ የቅጂ መብት ጥሰት ላይ ማለት ነው። «በሌሊት የተሰራ» አሉ አይደል? ያም በሌሊት ነው የተሰራው። ሮሜሮ ያንን አይቶ አልተቆጣም፣ ከዚህ በኋላ እዚህ መስሪያ ቤት አንቆይም ነው ያለው። ኋላ ዱምን የሰራው ኩባንያ ኢድ ሶፍትዌር የተወለደው ከዚያ ሌሊት ነው።

የአያቱ ኢንጂነር
ግማሹን ነው የነገርሽን። ከዚያ ወዲያ ምን አደረጉ? ማሪዮን በፒሲ እንስራላችሁ ብለው ናሙናውን ለኒንቴንዶ አቀረቡ፣ ኒንቴንዶ አልፈልግም አለ። እነሱም ሰው ላይ አልበተኑትም፣ አስቀመጡት። ያንኑ ስክሪን የማንሸራተት ዘዴ ይዘው የራሳቸውን ልጅ የራሳቸውን ዓለም ሰሩ፣ ኮማንደር ኪን የሚባለው ጌም ዲሴምበር 14 ቀን 1990 ወጣ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው፣ ልጁ የራሱን ኪን ይስራ።

ብሎክ 17
ያ ሌሊት ባይኖር ኪን ከየት ይመጣ ነበር? መጀመሪያ ገልብጠው ነው እጃቸውን የፈቱት። ያ የተከለከለው የማሪዮ ናሙና ያለበት ፍሎፒ እኮ በ2021 ኒውዮርክ ሮቸስተር ያለው ስትሮንግ የጨዋታ ሙዚየም ገብቷል። እርስዎ የጨረቃ ቤት የሚሉትን ሰዎቹ ቅርስ ብለው አስቀመጡት።

ሕግ አዋቂ
ስሜት ወደ ጎን ይቀመጥና። በኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቃል፣ ሥራን አዛምዶ መስራትም ከባለመብቱ መብቶች አንዱ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ልጁ ምኑን ወሰደ ነው። ኮዱን? ስዕሉን? ስሙን? ሶስቱ አንድ አይደሉም።

ብሎክ 17
ኮዱን ጎዶት በሚባለው የጌም መስሪያ ሶፍትዌር ላይ ከዜሮ ነው የጻፈው፣ ሱቄ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። ስዕሉን እያንዳንዷን ካሬ በእጁ ነው የሳላት። የወሰደው ስሙንና ሰውዬውን ነው።

የአያቱ ኢንጂነር
ስሙና ሰውዬው ከተወሰደ ሌላ ምን ቀረ?

ከወንዝ ማዶ
እኔ እዚህ ግሩፕ ብዙ አልጽፍም ግን ይሄን ቃል ተዉት እባካችሁ። «የጨረቃ ቤት፣ የጨረቃ ቤት» እያላችሁ ነው ከላይ እስከ ታች። የኛ ቤት የፈረሰ ቀን ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፣ እናቴ የበሩን ቆርቆሮ ይዛ አልለቅም ብላ ስታለቅስ ነው የማስታውሰው። ቤት ማለት እሱ ነው። ልጁ 12 ሌቭል ሰራ ተብሎ ሮሜሮ ከየትኛው ክፍሉ ወጣ? የዴቭ አስሩ ሌቭሎች ዛሬም አሉ፣ አንዲት ዕንቁ አልጎደለችም። መሬት ሲወሰድ አንዱ ይገባል አንዱ ይወጣል፣ ጌም ላይ ማን ወጣ?

የገበሬ ልጅ
ወንድሜ የእናትህ ነገር ያሳዝናል፣ ግን መሬቱም ከዚያ በፊት ባዶ አልነበረም። አባቴ ጤፍ የሚዘራበት ነበር። ባለቤት የሚባል ነገር የለም ወደማለት አትሂድ።

ከወንዝ ማዶ
እንደዛ አላልኩም። እኛም በገንዘባችን ነው የገዛነው።

የገበሬ ልጅ
ከማን?

ሕግ አዋቂ
ኧረ ወገን ወደ ጌሙ እንመለስ፣ ይሄኛው በዚህ ግሩፕ አያልቅም።

የ80ዎቹ ልጅ
እኔ ግን ወንዝ ማዶ ያለው ነገር ልቤ ገብቷል። አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ጥሎት የሄደ ጌም አለ። የኮማንደር ኪንን አምስተኛ ክፍል የጨረሰ ያውቃል፣ ሶስተኛው ዙር «ዘ ዩኒቨርስ ኢዝ ቶስት» ለ1992 ገና ይደርሳል ተባለ። አልመጣም። ሰዎቹ ዎልፈንስታይንና ዱም ወደሚባሉት ሌሎች ጌሞቻቸው ሄዱ። ስንት ዓመት ይጠበቃል? ያንን ክፍተት ከዚያ ወዲህ በየራሳቸው ኪን የሞሉት አድናቂዎቹ ናቸው። ጄት ሴት ዊሊ የሚባለውን ጌም ውሰዱ፣ ማቲው ስሚዝ በ1984 ስፔክትረም ለሚባለው የቤት ኮምፒውተር የሰራው። ጣሪያ ስር ያለችው ክፍል አንዴ ከገባህባት ሌሎች ክፍሎች ይበላሻሉ፣ ጌሙ እንደተሸጠ ሊጨረስ አይችልም ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ መርዝ ጋዝ ነው፣ ሆን ተብሎ ነው ብሎ ሸፈነው። መፍትሄውን ያገኙት ተጫዋቾች ናቸው፣ ሜሞሪው ውስጥ ገብተው ቁጥር ቀይረው። ከዚያ በኋላ የዊሊን አዲስ ክፍሎች እየሰሩ እስከ ዛሬ አሉ። እኔ ይሄን ፍቅር ነው የምለው፣ ሌላ ስም አላገኝለትም።

የአያቱ ኢንጂነር
መጠገን ሌላ፣ መቀጠል ሌላ። ፈቃድ ያለበትንማ መች ነቀፍኩ? ሎድ ራነር የሚባለው ጌም በ1983 ሲወጣ 150 ሌቭል ከነመስሪያው ነው የወጣው፣ ፈጣሪው ዳግ ስሚዝ በሩን ራሱ ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ቻምፒየንሺፕ ሎድ ራነር የሚለው የወጣው ተጫዋቾች ከላኩት ሌቭል ተመርጦ ነው። ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ የሚባለውን ጌም ሶርስ ኮድ፣ አባቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ባገኙለት ዲስኮች ላይ የነበረውን፣ ፈጣሪው ጆርዳን ሜክነር በ2012 በገዛ እጁ ነው የለቀቀው። ባለቤቱ ግባ ሲልህና አንተ ዘለህ ስትገባ አንድ አይደለም። ልጁ አንድ ኢሜይል እንኳ ልኳል?

ብሎክ 17
አልላከም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ለማን እንደሚጻፍ ማን ነገረው? እርስዎ ያን ማይክ ይዘው «ና ደብዳቤውን አብረን እንጻፍ» ቢሉት ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልጮህም ነበር። ምክንያቱም ሀሳብዎ ግማሹ እውነት ነው። ያቃጠለኝ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ግማሹ ቤቱ የፈረሰበት ሰፈር ውስጥ፣ ያንን ቃል መምረጥዎ ነው።

ሕግ አዋቂ
ጋሽ ኢንጂነር ያነሱት የፈቃድ ነገር ትክክል ነው። ግን ካልሸጠው አደጋው ትንሽ ነው ለማለት አትቸኩሉ፣ በ2016 ሜትሮይድ 2 የሚባለው የኒንቴንዶ ጌም አድናቂ ለዓመታት ደክሞ እንደገና ሰርቶ በነፃ የለቀቀውን ኒንቴንዶ በቀናት ውስጥ አስወርዶታል። በነፃ መሆኑ አላዳነውም።

የ80ዎቹ ልጅ
ያ ሰውዬ ግን በዚያው ስራው ታይቶ ጌም ስቱዲዮ ቀጥሮታል። እሱንም ጨምር።

ምድር ቤት ሱቅ
ይቅርታ አቋርጬ፣ እኔ ፋይሉን ጭኜ ሌቭል 7 ላይ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ መዝለል አቅቶኛል፣ ጀትፓኩ የት ነው ያለው?

ብሎክ 17
ከውሃ ታንከሩ ጀርባ። ሁለቴ ዝለል።

የአያቱ ኢንጂነር
ብሎክ 17፣ የመጨረሻው ያልከው ነክቶኛል። ልጁን ሰው ፊት ማሳፈሬ ስህተት ነበር፣ ለሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሙን ግን ይቀይር። ሰውዬውን ሌላ ኮፍያ ያልብሰው፣ ሌላ ስም ያውጣለት፣ ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነው የማጨበጭብለት።

ብሎክ 17
ዛሬ ጠይቄዋለሁ። «ስሙን ከቀየርኩ እኮ የማን ቀጣይ ሊሆን ነው፣ እኔ ዴቭ ከአስረኛው በር ወጥቶ የት እንደደረሰ ነው የነገርኩት» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ቅዳሜ ሱቄ ይመጣል፣ እርስዎም ይምጡ፣ ለሮሜሮ የሚላከውን ደብዳቤ እንግሊዝኛውን ያስተካክሉለት።

የአያቱ ኢንጂነር
እመጣለሁ። ሀሳቤን ግን አልቀየርኩም።

የ80ዎቹ ልጅ
እኔም እመጣለሁ፣ የኔም እንዳለ ነው።

ከወንዝ ማዶ
ለልጁ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ጥሩ ነው። ቃሉ ይነሳ ያልኩት ግን እስካሁን አልተመለሰም።