ጂ+4 ሕንፃን ከቢሮ ወደ ገስት ሀውስ ስንቀይር የእሳት መከላከያው ከየት ይጀመር?

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)
ጤና ይስጥልኝ። ሕንፃው ግራውንዱ ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ ነበር። ከ2ኛ እስከ 4ኛ ፎቅ ገስት ሀውስ ለማድረግ የአገልግሎት ለውጥ ጠይቀን ፕላኑ «የእሳት አደጋ መከላከያ አልተሟላም» ተብሎ ተመለሰ። ደረጃው አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱ «ማጥፊያ ገዝተን እንስቀልና ይለቅ» ይላሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

ዓምድ (መልስ ሰጪ)
ማጥፊያ መስቀል የመጨረሻው ሥራ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ የሆነን ሕንፃ በምድብ «ሐ»፣ ማለትም ከሦስቱ በከፍተኛው፣ መድቦት ነበር፤ ጂ+4 ደግሞ በተለመደው የወለል ቁመት 12ን ያልፋል። «ሕንፃው የቆየ ነው» የሚለው መከራከሪያም አያዋጣም፤ የአገልግሎት ለውጥ ራሱን የቻለ ፈቃድ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ነቅቶ ነው፣ እንግዳ ግን ተኝቶ ነው፤ መስፈርቱ ይበልጥ ጥብቅ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ዋናው ጉዳይ ደረጃው ነው። ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከነበልባሉ በፊት በጭሱ ነው፣ ጭስ ደግሞ ክፍት ደረጃ ካገኘ በደቂቃዎች 4ኛ ፎቅ ይደርሳል። በየፎቁ ኮሪደሩንና ደረጃውን የሚለይ ግድግዳ፣ በላዩም ቢያንስ 60 ደቂቃ እሳት የሚችል፣ ራሱ የሚዘጋ በር ይግባ። የተለመደው ጥፋት በሩን በጡብ ደግፎ ክፍት መተው ነው፤ ያን ጊዜ በሩ እንደሌለ ቁጠሩት። አንድ ደረጃ ብቻ ስላለም ከጀርባ የውጭ የብረት ደረጃ ይቻል እንደሆነ አርክቴክቱ ፕላኑ ላይ ያሳያችሁ። ሊፍት እንደ መውጫ አይቆጠርም።

የቦርድ ሰው
ዓምድ ባለው ላይ ልጨምር። ደረጃው ግራውንድ ሲደርስ የት ነው የሚወጣው? በሱቅ ውስጥ ካለፈና ማታ ሳራሲኔስካው ተዘግቶ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ከሆነ፣ ላይ የሠራችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ከሱቁ በግድግዳ ተለይቶ፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ ተገፍቶ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ያስፈልጋል። ደረጃ ስር ካርቶንና ፍራሽ ማከማቸትም ይቅር።

ወደ ኤሌክትሪኩ፦ ቁርስ ቤት ካላችሁ የእንጀራ ምጣዱን ለዩት። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት 16 አምፒር ማለት ነው። ይህን ከሶኬት መስመር ላይ ቀጥሎ ብሬከሩ ሲወድቅ ባለ 32 አምፒር በሆነ መቀየር የእሳት መነሻ ነው፤ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቀልጣል። ለእያንዳንዱ ምጣድ የራሱ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና 20 አምፒር ብሬከር ይሰጠው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)
እናመሰግናለን። ዲቴክተርስ (እሳት ሲነሳ ለይቶ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ)? ቡና የሚፈላበት ሳሎን አለን።

ሴንሰር
ዕጣንና የቡና ቁላት የጭስ ዲቴክተሩን በየቀኑ ያስጮኹታል፤ ሠራተኛው በፌስታል ይሸፍነዋል፣ በዚያው ይረሳል። ለሳሎኑና ለኩሽናው የሙቀት ዲቴክተር፣ ለመኝታ ክፍሎች፣ ለኮሪደርና ለደረጃ ደግሞ የጭሱን አድርጉ። ዲቴክተሮቹ የሚገናኙበት የማስጠንቀቂያ ፓነል መብራት ጠፍቶም ቢያንስ 24 ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ይኑረው። እጅ የሚጫነው የማስጠንቀቂያ ቁልፍ በየፎቁ መውጫ በር አጠገብ፣ ከወለል 1.4 ሜትር ላይ ይሁን።

ቧንቧው
ማንም ያላነሳው ውኃውን ነው። በየፎቁ 30 ሜትር ጎማ ያለው ሆዝ ሪል (የተጠቀለለ የእሳት ማጥፊያ ጎማ) ይሰቀላል፣ ግን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በቀጥታ ካገናኛችሁት 4ኛ ፎቅ ላይ ውኃው ይንጠባጠባል እንጂ አይረጭም። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ግፊት ብቻ ነው፣ 4ኛው ደግሞ ከሮቶው ጥቂት ሜትር ነው የሚርቀው። ፓምፕ የግድ ነው። የፓምፑ መስመር ከዋናው ብሬከር በፊት ይነሳ፤ እሳት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠፋው ዋናው ስለሆነ።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣም የሻወሩን መስመር ከሮቶው ግርጌ አታውጡት። ከፍ አድርጋችሁ ብሱት፤ ከሱ በታች ያለው ለእሳት ብቻ ይቀራል፣ ዘበኛው ቢረሳም።

ዓምድ
ባለቤቱ ስለጠየቁት ማጥፊያ፦ በየፎቁ 6 ኪሎ ዱቄት፣ የኤሌክትሪክ ቦርዱ አጠገብ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ስትሞሉ ሲሊንደሩ ፊታችሁ ይከፈት፤ የረጋ ዱቄት ላይ ጋዝ ብቻ ጨምረው ቀለም ቀብተው የሚመልሱ አሉ፣ የግፊት ጌጁ አረንጓዴ ላይ ቢሆንም አይረጭም። ፕላኑን መልሳችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ለእሳትና አደጋ ኮሚሽን ባለሙያ አሳዩት። የእሳት አደጋ ስልኩ 939 ደግሞ በየፎቁ ደረጃ በር ላይ በትልቁ ይጻፍ፣ ከሕንፃው ልዩ ምልክት ጋር፤ ቤት ቁጥር ብቻ ነግሮ መኪናውን ካዛንቺስ ውስጥ ማድረስ አስቸጋሪ ነው።