አባዬ ቃል ጠፍቶበታል፤ በመርፌ የሚሰጠው ሕክምና (አኩፓንክቸር) ይሞከር?

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። አባዬን ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታው። እግሩ ደህና ነው፤ ቀስ እያለ ይራመዳል። የምንለውም ይገባዋል። መመለስ ሲፈልግ ነው ጉዱ። ትናንት ሲኒውን እየጠቆመ "እ... እ... ቁልፍ" አለኝ። ቡና ማለቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ቡና የነገደ ሰው! ተናዶ ሲኒውን ገፋው። የሚገርመው፣ መንዙማ ሲከፈት ቃሉን ሳይስት አብሮ ያዜማል።

ሐኪሙ "አፌዥያ ነው፤ በግራ በኩል ያለው የአንጎሉ የንግግር ክፍል ተጎድቷል፤ ዋናው ሕክምና የንግግር ልምምድ ነው" አለን። አጎቴ ግን "አዲስ አበባ በመርፌ የሚያክሙ አሉ፣ ውሰደው" ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። እኔ እንዳነበብኩት አኩፓንክቸር ከልምምዱ ጋር በተጨማሪነት ይሰጣል እንጂ አይተካውም። ማስረጃውም ገና ጠንካራ አይደለም። ደግሞ አባዬ ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል። ሲወጋ ቢደማስ? ይሄ ነው በጣም ያስፈራኝ።

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ንግግሩ ላይ ለውጥ አያችሁ? ስንት ጊዜ ተመላለሳችሁ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰደ የተወጋ ሰው ታውቃላችሁ? መርፌውስ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነበር? ጅማ ውስጥ የንግግር ቴራፒ የሚሰጥ ባለሙያ የምታውቁም ጠቁሙኝ። ለአጎቴ እስከ እሁድ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።