የጤና መድህን፦ ከየቤቱ መዋጮ ወይስ ከግብር? የድሬና የሐረር ክርክር

የከዚራ ልጅ፦
የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮ በየዓመቱ ከየቤቱ መለቀሙ ቀርቶ ወጪው ከግብር ይሸፈን ባይ ነኝ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረችው ይህንኑ ነው፤ ታካሚው ለአንድ ጊዜ ሕክምና ከ30 ባት በላይ አይጠየቅም። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለው ቸርቻሪና የቀን ሠራተኛው ገቢያቸው የዕለት ነው። መዋጮ ክፈሉ ሲባል ጤነኛው «ዘንድሮ ይለፈኝ» ይላል፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ግን ቀድሞ ይመዘገባል። በዚህ መልክ ቋቱ፣ ማለትም መዋጮው የሚጠራቀምበት የጋራ ገንዘብ፣ ይራቆታል እንጂ አይሞላም።

ሒሳብ ሹም፦
አቦ፣ ታይላንድን በግማሽ አታንሳ። ዋናው 30 ባቱ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። ለተመላላሽ ሕክምና በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ ገንዘቡ ቀድሞ ይለቀቃል፤ ለተኝቶ ታካሚ እንደ በሽታው ክብደት፣ ከዓመቱ የበጀት ጣሪያ ሳያልፍ ይከፈላል። እኛ ጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤና ጣቢያው አክሞ፣ መድኃኒቱን ከራሱ አውጥቶ፣ ሰነድ አቅርቦ ነው ክፍያ የሚጠብቀው። ግብሩንስ ማን ይለቅልሃል? የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶ ለጤና ሊመድቡ ቃል ገቡ፤ አብዛኞቹ አልደረሱበትም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ አውጥታ በዕቃና አገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ የጤና መድህን ቀረጥ ጣለች። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ቀረጡ ለፈንዱ ሲተላለፍ ስለሚዘገይ ካርድ የያዘ ታካሚ ጥሬ ገንዘብ የተጠየቀበት ጊዜ አለ።

ፋርማሲስት፣ ሳቢያን፦
ሁለታችሁም ገንዘቡ ከየት ይምጣ ነው የምትሉት። አባሉ ተስፋ የሚቆርጠው ግን የመድኃኒት መስኮቱ ላይ «የለም» ሲባል ነው። ኢንሱሊንን እንውሰድ። አንዱ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ 1000 ዩኒት ነው። በቀን 40 ዩኒት ለሚወጋ ሰው 25 ቀን ያደርሰዋል፤ በዓመት 15 ብልቃጥ ማለት ነው። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከ4 ሳምንት በላይ ስለማይቆይ፣ 20 ዩኒት ብቻ የሚወጋውም ቀሪውን እየጣለ በዓመት 13 ወይም 14 ብልቃጥ ይፈልጋል። ጤና ጣቢያው ይህን የሚገዛው ከተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንዱ፣ ማለትም ከመድኃኒት ያገኘውን ገንዘብ መልሶ መድኃኒት ከሚገዛበት ሒሳብ ነው። የመድህኑ ክፍያ ሲዘገይ ፈንዱ ይደርቃል፤ ድሬ ካለው የመድኃኒት አቅራቢ ቅርንጫፍ በቂ ማንሳት ያቅተዋል። ታካሚው ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄድና ከኪሱ ይከፍላል። መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒቱንም የገዛ ሰው ለከርሞ ለምን ያድሳል?

የጀጎል ሰው፦
የቋቱ ስፋትም አይረሳ። እኛ አገር በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ቋቱ የወረዳ ነበር። ትንሽ ቋት አንድ ወረርሽኝ ያናጋዋል፤ ድሬ በትንኝ የሚተላለፉትን የትኩሳት በሽታዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 መዋጮውን በቤተሰቡ አቅም ለይታ በነፍስ ወከፍ 2000፣ 3000 እና 7000 ፍራንክ አደረገችው፤ የድሃ ድሃውን ሌላ ወገን ይከፍልለታል። በ2015 ሁሉንም ቋት በማኅበራዊ ዋስትና ቦርዷ ሥር ሰበሰበች፤ በ2020 ደግሞ ተቀጣሪው ከተጣራ ደመወዙ 0.5 በመቶ እንዲጨምር አደረገች። መዋጮም የሕዝብ ገንዘብም አንድ ላይ ማለት ነው። እኔ የምደግፈው ይህን ነው።

የከዚራ ልጅ፦
በአቅም መለየቱን እቀበላለሁ። ዕለት አዳሪውን ግን በምን ትለየዋለህ? ደመወዝ የለው፣ ደረሰኝ የለው። እንደ ታይላንድ ያለው ቅድመ ክፍያስ ቢሆን፣ ጤና ጣቢያው ገንዘቡን ይዞ ርካሹን መድኃኒት ብቻ ቢያዝ ምን ይከለክለዋል?

ፋርማሲስት፣ ሳቢያን፦
ስጋትህ ልክ ነው፤ ቅድመ ክፍያ ባለበት ሁሉ የሚነሳ ችግር ነው። ስለዚህ ከቅድመ ክፍያው የመድኃኒቱ ድርሻ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ለደመወዝና ለነዳጅ አይነካ። «የለም» ተብሎ የተመለሰ ማዘዣ ሁሉ ቅጂው ይያዝና በየወሩ በመድኃኒት ዓይነት ተቆጥሮ ለመድህን ጽሕፈት ቤቱ ይድረስ። ኢንሱሊን፣ የደም ግፊቱ አምሎዲፒን፣ የስኳሩ ሜትፎርሚን ከጠፉ ደግሞ ቋቱ ውል ለያዘ ሌላ መድኃኒት ቤት በቀጥታ ይክፈል፤ ታካሚው መሃል ገብቶ ደረሰኝ ይዞ አይንከራተት። ዕለት አዳሪውን በምን እንለየው ላልከው ከቀበሌ ኮሚቴ የተሻለ ያላችሁ አምጡ።