«አበላሽቶት ሄደ» በሚለው ቃል ላይ፦ የጣሊያን ምግብና ይዘውት የተሰደዱት ሰዎች

የሮማዋ፦
የጣሊያን ምግብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ መስፈሩን የሚገልጸው ዜና ትናንት እዚህ ሲለጠፍ፣ ዘቦሎኛ የተባሉት ወንድማችን ከሥሩ የጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ አድሯል። «ስደተኛው ምግቡን ይዞት አልሄደም፤ አበላሽቶት ሄደ» ነው ያሉት። ሮም ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ካስታመምኋቸው መካከል አብሩዞ ከሚባለው የመካከለኛው ጣሊያን ክፍለ ሀገር የመጡ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ታላቅ ወንድማቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቤልጅግ የድንጋይ ከሰል ሊቆፍሩ ሄደው ነበር። ጣሊያንና ቤልጅግ እ.ኤ.አ. በ1946 የተፈራረሙት ውል ሰው በከሰል የተለወጠበት ውል መሆኑን አሮጊቷ በተናገሩ ቁጥር ድምፃቸው ይሰበር ነበር። በአብሩዞ ፓስታ የሚቆረጠው ኪታራ በሚሉት መሣሪያ ነው፤ እንደ ክራር ጅማት የተወጠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት የእንጨት ሣጥን ሲሆን፣ የተዳመጠው ሊጥ ከላዩ ተነጥፎ በመዳመጫው ሲጫኑት እየተቆረጠ ከሥር ይወርዳል። ወንድምየው ከማዕድኑ ግቢ በለቀሙት ሽቦ ይህንኑ መሣሪያ በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ የሰፈሩ ሱቅ በሚሸጠው ዱቄት ሊጡን እያቦኩ፣ የአገራቸው ፎርማጆ ቢታጣ የሆላንዱን እየፈቀፈቁ እሑድ እሑድ ለዐሥራ አንድ ማዕድን ቆፋሪዎች ያበስሉ ነበር። እኚህን ሰው «አበላሹ» የሚል ካለ ፊት ለፊት ይናገር።

ዘቦሎኛ፦
እኅቴ፣ ስለ እኚያ ሰው የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ቃሌን ግን አላጥፍም። ቦሎኛ ውስጥ ወጥ ቤት ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሊጥ መንካት ተከልክዬ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ ስከትፍ ኖርሁ። ሊጡን የሚዳምጡት አሮጊት ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ወደ መስኮቱ ያነሡት ነበር፤ ከኮረብታው ላይ ያለው የሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን በሊጡ ውስጥ ካልታየ ገና አልሳሳም ይባላል በዚህ ከተማ። የቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት ታሊያቴሌ የሚባለውን ጥብጣብ መሰል ፓስታ ስፋት እ.ኤ.አ. በ1972 መዝግቦታል፤ ከተቀቀለ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ራጉ የሚባለውን የሥጋ ስጎ አሠራር ደግሞ በ1982 መዝግቧል። ይህን ያህል የተጠነቀቀች ከተማ ስሟ በዓለም የሚጠራው «ስፓጌቲ ቦሎኜዝ» በሚባል፣ እርሷ ራሷ በማታውቀው ምግብ ነው፤ ከንቲባዋ እ.ኤ.አ. በ2019 በአደባባይ ወጥተው ሐሰት ነው እስከማለት ደርሰዋል። ምግቡን ከአገር ያወጣው ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ የጠፋ ነገር አለ። ለጠፋው ነገር ስም ማውጣት ስድብ አይሆንም።

አንባቢ፦
ክርክሩ የቆመው በአንድ ግሥ ላይ ከሆነ ግሡን እንመርምረው። ወጥ ይበላሻል፣ ወተት ይበላሻል፤ አንድ ነገር ተበላሸ ለማለት አስቀድሞ ደኅና ሆኖ የተቀመጠ መሆን አለበት። ዘቦሎኛ የጠቀሱት የ1982 ራጉ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው ምክር ቤት ተሻሽሎ እንደ ገና መመዝገቡን ለምን ዘለሉት? ባለቤቱ ሲለውጠው «ማሻሻል»፣ ስደተኛው ሲለውጠው «ማበላሸት» የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው? ካርቦናራ የሚባለውን በእንቁላል፣ በፎርማጆና በአሳማ ሥጋ የሚሠራ ፓስታም ተመልከቱት። ዛሬ ክሬም የጨመረበት ሰው እንደ ወንጀለኛ ይታያል፤ ነገር ግን እስካሁን በኅትመት ከተገኙት አሠራሮች ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ ውስጥ የወጣ ነው፤ በጣሊያን በ1954 የታተመውም ነጭ ሽንኩርትና ግሩዬር የሚባል የስዊስ ፎርማጆ ይገባበት ነበር። በፓርማ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ታሪክ የሚያስተምሩት አልቤርቶ ግራንዲ በ2023 ካርቦናራ አሜሪካዊ ነው ብለው ለፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ ቢናገሩ አገር ተነሣባቸው።

ዘቦሎኛ፦
ግራንዲ በዚያው ቃለ ምልልስ ላይ የጥንቱን ፓርሚጃኖ፣ ማለት የፓርማውን ፎርማጆ፣ የሚመስለው የአሜሪካው የዊስኮንሲን ፎርማጆ ነው ማለታቸውን እርስዎም ዘልለውታል። ደራሲው ቦካቺዮ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ተፈቀፈቀ የፓርማ ፎርማጆ ተራራ ተርኳል። ዛሬም አንዱን ክብ ለመሥራት 550 ሊትር ገደማ ወተት ይፈስበታል፤ ከዚያም ቢያንስ ዐሥራ ሁለት ወር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የአንድ የካርቦናራ ታሪክ አዲስ ሆነ ተብሎ ሰባት መቶ ዓመት የቆየ ሙያ አብሮ አይሰረዝም።

የፒያሳ ሰው፦
ልጆቼ፣ እኔ ያደግሁት ፒያሳ ነው። እኛ ቤት ፓስታ በበርበሬ በተቁላላ ስጎ ይሠራና በእንጀራ ላይ ፈስሶ ይቀርባል፤ በሹካ የሚበላም አለ፣ በእንጀራው የሚጠቀልልም አለ። ፉርኖ ዱቄቱ፣ ቦንቦሊኖው፣ ላዛኛው ሁሉ ከነስማቸው ገብተው ቤተኛ ሆነዋል። ማኪያቶን ውሰዱ፤ እዚህ በብርጭቆ ሲቀርብ ወተቱ፣ ቡናውና አረፋው ተራ በተራ ተደርድረው ይታያሉ። ልጄ ሮም ሄዳ ማኪያቶ ብላ ብታዝ በትንሽ ሲኒ ሥር ያለ ጥቁር ቡና ነጭ ጠብታ አርፎበት መጣላት፤ ተሳስታችኋል ብላ መለሰችው። አስተናጋጁም እርስዋም በየአገራቸው ልክ ነበሩ። እንግዲህ ዘቦሎኛ ይመልስልኝ፤ የእኛስ ማኪያቶ የተበላሸ ነውን?

ዘቦሎኛ፦
ጋሼ፣ የእኛ ማኪያቶ ጥሩ መጠጥ ነው፤ እኔም አገር ስገባ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወጥቼ መጀመሪያ የምጠጣው እርሱን ነው። ኢጣሊያዊ ነው ግን አልልም።

የአርበኛ ልጅ፦
ጋሼ ስለ ቤተኛነቱ የተናገሩትን ሳነብ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፉ ከነከነኝ። ከጣሊያን የወጣው ሰው ሁሉ ሻንጣ ያንጠለጠለ ስደተኛ አልነበረም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ምግቡን ወደ እኛ ያመጣው ሠራዊት ነው፤ የመርዝ ጋዝ ይዞ የመጣ፣ በየካቲት 12 አዲስ አበባን በደም ያጠበ ሠራዊት። አያቴ ፓስታ በቤታቸው እስኪሞቱ ድረስ አላስገቡም። «ምግብ ተሸካሚ» በሚለው ለስላሳ ስም ሥር ወራሪውንና የከሰል ቆፋሪውን አንድ ላይ ማኖር አይገባም።

አንባቢ፦
ሐዘንዎን እጋራለሁ፤ በአንድ ነጥብ ግን ልጨምርበት። ያንን ሠራዊት የላከው መንግሥት ራሱ ፓስታን አይወድም ነበር። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1925 የስንዴ ዘመቻ ያወጀው አገሩ ስንዴ ከውጭ መግዛቱ ስላንገበገበው ነው፤ ሕዝቡ በአገር ውስጥ የሚበቅለውን ሩዝ እንዲበላም ይሰበክ ነበር። የሥርዐቱ ደጋፊ የነበረው ባለቅኔ ማሪኔቲ ደግሞ በ1930 ፓስታ ጣሊያናዊውን አፍዝዞታል፣ ይቅር ብሎ ዐወጀ። ስለዚህ ፓስታውን ከፋሺስቱ ጋር አንድ አድርገን ስንጸየፈው ለፋሺስቱ የማይገባውን ርስት እየሰጠነው ነው።

የአርበኛ ልጅ፦
ማሪኔቲ ወደደም ጠላም ፓስታው የመጣው በጠመንጃ ጥላ ሥር ነው። ሥርዐቱ ስለ ሩዝ የሰበከው ለገዛ ሕዝቡ ነው፤ አያቴ የሚያውቁት የጦር ሰፈሩን ድስት ነበር።

የፒያሳ ሰው፦
እውነት ነው ልጄ። ከድሉም በኋላ ንጉሡ ክፉን በክፉ አትመልሱ በማለታቸው እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖች ነበሩ፤ መካኒኮች፣ ግንበኞች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች። እኔ የማውቀው ዳቦ ጋጋሪ አማርኛው የሰፈሩን ሰው ያህል ነበር፤ ሲሞትም ለቅሶው ላይ የሰፈሩ ዕድር ድንኳን ጥሏል። እርሱን ከየትኛው ወገን ልመድበው?

ከፎጃ፦
ሁላችሁም ስለ ሞቱት ትከራከራላችሁ፤ ዛሬ የጣሊያንን ምግብ በጫንቃው የተሸከመው ማን እንደ ሆነ የሚናገር ግን የለም። እኔ በሊቢያ በኩል ወጥቼ ሁለት ክረምት በደቡብ ጣሊያን ፎጃ አካባቢ ቲማቲም ለቅሜአለሁ። ሥራው በሰዓት አይከፈልም፤ ሦስት መቶ ኪሎ ገደማ የሚይዘው ሣጥን ሲሞላ ነው ሒሳብ የሚያዘው። ተክሉን ከነሥሩ ነቅለህ ሣጥኑ አፍ ላይ ታራግፈዋለህ፤ ከዕፅዋቱ የሚወጣው አረንጓዴ ዝቃጭ እጅ ላይ ጠቁሮ ይቀራል፣ በሳሙናም አይለቅ፣ የማታውን እንጀራ፣ ማለት ዳቦውን፣ ያመርረዋል። ደላላው ከቀን ገቢያችን የመኪና፣ የውኃ እያለ ይቆርጣል። ይህን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል፤ ቢሆንም በ2024 ጁን ከሮም በስተደቡብ ላቲና ውስጥ ማሽን ክንዱን የቆረጠው ሕንዳዊ ሠራተኛ ወዲያው ሐኪም ቤት በመወሰድ ፈንታ ቤቱ ደጅ ተጥሎ፣ ኋላ ሐኪም ቤት ውስጥ ሞቷል። ዘቦሎኛ ያወደሱትን የፓርሚጃኖ ወተት በፖ ወንዝ ሜዳ የሚያልቡት ብዙዎቹ ከፑንጃብ የመጡ ሲኮች ናቸው። ዩኔስኮ የመዘገበው የማንን ባህል ነው?

ዘቦሎኛ፦
ወንድሜ፣ የደረሰብህ ግፍ ግፍ ነው፤ እኔም ባለ ወረቀት ሳልሆን በሠራሁበት ወጥ ቤት ደመወዜን የከለከለኝ ሰው ነበር። ይህ ግን የጉልበት ሕግ ጥያቄ ነው። እኛ የያዝነው ስለ ምግቡ ነው።

ከፎጃ፦
ቲማቲሙ ከራጉው ውስጥ ሲወጣ ያን ጊዜ ጥያቄው የጉልበት ሕግ ብቻ ይሆናል።

የሮማዋ፦
ወደ ቃሉ ልመልሳችሁ፤ «አበላሽቶት ሄደ» ወደሚለው። እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1915 ድረስ ወደ ዐሥራ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከጣሊያን ወጥቷል። በሰሜን ጣሊያን ቬኔቶና ሎምባርዲያ ውስጥ ድኻው የበቆሎ ገንፎ ብቻ እየበላ ፔላግራ በሚባል በሽታ ቆዳው ይላጥ፣ አእምሮው ይናወጥ ነበር። የደቡቡም ገበሬ ሥጋ የሚያየው በበዓል ነው። ይህ ሰው ኒው ዮርክ ደርሶ በሳምንት ደመወዙ ሥጋ መግዛት ሲችል፣ በአገሩ ለብቻዋ ትበላ የነበረችውን ፖልፔቴ፣ የተፈጨ ሥጋ ድቡልቡሏን፣ አተልቆ ከስፓጌቲው ላይ አኖራት። ይህን ሳህን ባየሁ ቁጥር እኔ የሚታየኝ ልጆቹ ጠግበው እንዲያድሩ የፈለገ አባት ነው። በአርጀንቲና ደግሞ በየወሩ በ29ኛው ቀን ኞኪ የሚባል የድንችና የዱቄት ድቡልቡል ይበላሉ፤ ደመወዝ ከመድረሱ በፊት ድንችና ዱቄት ብቻ በሚቀርበት ቀን፣ በረከት እንዲሆን ከሳህኑ ሥር ገንዘብ ያኖራሉ። ከማጣት የወጣ ምግብ በማጣት ቀን ሰውን ይዞ ከዘለቀ እንዴት ተበላሸ ይባላል? ዘቦሎኛ ሆይ፣ እርስዎም እኮ ስደተኛ ነዎት፤ ታሊያቴሌን በቦሎኛ እየጠበቃት ያለው አሁን የአበሻ እጅ ነው።

ዘቦሎኛ፦
የመጨረሻው አነጋገርዎ ልቤን ነክቶታል። ስደተኛ ስለ ሆንሁ ነው የምጠነቀቀው፤ እኔ ስምንት ሚሊ ሜትሩን ባስፋው «ባዕድ ስለ ሆነ ነው» ይሉኛል፣ የአገሬው ልጅ ቢያሰፋው ግን እጁ ነው ይሉታል። ስለዚህ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ያለፉትን፣ በድኽነት የወጡትን ከቃሌ አወጣለሁ። ቃሉን ለነጋዴው አስቀረዋለሁ። በቆርቆሮ አሽጎ የቦሎኛን ስም ለጠፈበት፣ «ፓርሜዛን» ብሎ የፓርማ ሽታ የሌለውን ዱቄት ለሸጠ ሰው ቃሉ ይገባዋል። የአውሮፓው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 ያ ስም ፓርሚጃኖን የሚያስታውስ ነው ብሎ ፈርዷል።

አንባቢ፦
ስደተኛውንና ባለ ቆርቆሮውን እንዲህ በቀላሉ መለየት አይቻልም። ኤቶሬ ቦያርዲ የፒያቼንዛ ልጅ ነው፤ ከቦሎኛ ሩቅ አይደለችም፣ በዚያው በኤሚልያ ምድር ናት። እ.ኤ.አ. በ1914 በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ክሊቭላንድ ውስጥ ምግብ ቤት ከፈተ። ደንበኞቹ ስጎውን እንዲሰጣቸው ስለ ለመኑት ማሸግ ጀመረ፤ በ1928 ፋብሪካ አቋቋመ፤ ስሙንም አሜሪካውያን መጥራት እንዲችሉ ቦያርዲ በነበረበት ቦያር-ዲ እያለ ከፋፍሎ ጻፈው። ስደተኛ ነው፣ ምግብ አብሳይ ነው፣ ባለ ቆርቆሮም ነው። ቃሉን ከየትኛው ላይ ያነሡታል፣ በየትኛው ላይ ይተዉታል?

ዘቦሎኛ፦
በቆርቆሮው ላይ እተወዋለሁ፤ ለደንበኞቹ በጠርሙስ ለሰጠው ስጎ አነሣለሁ።

አንባቢ፦
ስጎው እኮ አንድ ነበር።

ዘቦሎኛ፦
አንድ አልነበረም። አንድ ድስት የሚያየው ሰውና ሺሕ ድስት የሚያዝዝ ሰው አንድ ስጎ አይሠሩም፤ ይህን ድስት ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ ነው የምነግርዎት። የሮማዋን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። እኚያ የአብሩዞ ሰው ቤልጅግ ውስጥ በሠሩት ኪታራ ላይ ሽቦው በምን ያህል ርቀት ተወጥሮ ነበር? ለስላሳው የቤልጅግ ዱቄት በጠበበ ሽቦ ላይ ይጣበቃል እንጂ አይቆረጥም፤ ያለ ጠንካራ ስንዴ እንዴት እንደ ተወጡት ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሮማዋ፦
ሽቦውን ራቅ ራቅ አድርገው፣ በአንድ ኪሎ ዱቄት ላይ እንቁላሉን ጨምረው ነው የተወጡት፤ ስንት እንደ ጨመሩ ለእኅታቸው የጻፉት ደብዳቤ ላይ አለ፣ እኔም አንብቤዋለሁ። በዚያ ስፋት የተቆረጠው ፓስታ በአብሩዞ ከሚታወቀው ይሰፋል። ይበላሻል ወይስ አይበላሽም የሚለውን መጀመሪያ ይመልሱልኝ፤ የእንቁላሉን ቁጥር ከዚያ በኋላ እጽፍልዎታለሁ።