ገጸ ባሕርዬ ቁርጥ አክስቴን ሆነችብኝ

ልቦለድ እየጻፍኩ ነው፤ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ደሴ ላይ ጠላ ሸጣ ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ፍርሃቷና ቂሟ የእኔው ነው። እጇ ግን የአክስቴ ነው። አክስቴ ክፉ ወሬ ስትሰማ አትጮህም። የነጠላዋን ጫፍ ትፈታለች፣ የቋጠረቻትን ብር ትቆጥራለች፣ ከዚያ መልሳ ጥብቅ አድርጋ ትቋጥራለች። ልቦለዱ ውስጥ ይህን የምታደርገው የልጇን ሞት በሰማች ቀን ነው። ከጻፍኩት ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ለእህቴ አነበብኩላት። ገና ሳልጨርስ «ይቺማ እትዬ ናት እኮ!» አለች። ችግሩ ይቺ ሴት ኋላ ላይ በጎረቤቷ ላይ በሐሰት ትመሰክራለች። አክስቴ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሟም አታደርግም። በሕይወት አለች፣ ማንበብም ትወዳለች።

ስሟን ቀየርኩ። ወደ ጎንደር አዛወርኳት። ጠላውን ትቼ ልብስ ሰፊ አደረግኳት። እህቴ አሁንም ለየቻት። የነጠላውን ነገር ሳወጣው ደግሞ ሴትዮዋ ሞተችብኝ፤ ንግግሯ ሁሉ ደረቀ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስም በ1849 እ.ኤ.አ. «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» የተባለውን ልቦለዱን በተከታታይ ክፍሎች ሲያወጣ አንዲት ጎረቤቱ ራሷን አግኝታበት አዝና ጽፋለት ነበር። እሱ በቀጣዮቹ ክፍሎች ገጸ ባሕርይዋን ደግ አደረጋት። እኔ ግን የሐሰት ምስክርነቱን ካወጣሁ ታሪኩ ይፈርሳል።

ከምታውቁት ሰው ተነስታችሁ የጻፋችሁ፣ ሰውዬው እንዳይታወቅ ገጸ ባሕርዩም እንዳይሞት፣ እንዲህ ያለውን አንድ ምልክት በምን ተካችሁት?