ሁለተኛውን የሰከንድ ቆጣሪ ስይዘው ሰዓቱ ለምን ይቆማል?

አሠልጣኝ ከአዘዞ
ከአጎቴ የወረስሁት ባለ ሁለት የሰከንድ ቆጣሪ ክሮኖግራፍ (የሩጫ መለኪያ ያለው ሰዓት) አለኝ፤ ራትራፓንት የሚሉት ዓይነት ነው። ልጆች ሳስሮጥ የመጀመሪያው ሲገባ አንዱን ቆጣሪ እይዛለሁ፣ ሌላው ለተከታዩ ሯጭ ይቀጥላል። አሁን ግን አንዱን በያዝሁ ቁጥር ሰዓቱ ጭራሹን ይቆማል። ስለቀውም ከጓደኛው ላይ በትክክል አያርፍም። ፒያሳ ያሳየሁት ባለሙያ «ብረቱ ጠቁሯል፣ በብርጭቆ ወረቀት ላብርቀው» አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቀድሞ ሰዓት ሠሪ
ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ብርጭቆ ወረቀቱን ያርቁልኝ!

የሁለተኛውን ቆጣሪ ጎማ (ቆጣሪውን የሚያዞረውን ክብ ብረት) መቆንጠጫዎች ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። ዋናው የክሮኖግራፍ ጎማ ግን መዞሩን አያቆምም፤ ከእርሱ ጋር የልብ ቅርጽ ያለው ብረት ይዞራል። ከተያዘው ጎማ ላይ ያለች፣ ጫፏ ሩቢ (ቀይ የከበረ ድንጋይ) የሆነ ትንሽ ዘንግ በሞላ (በስፕሪንግ) እየተገፋች የልቡን ጠርዝ ትጫናለች። ሩቢው ከልቡ ጎድጓዳ ተነሥቶ ለ30 ሰከንድ ሽቅብ ይወጣል፣ በቀሪው 30 ይወርዳል። ሽቅቡ የባላንሱን፣ ማለትም እየተወዛወዘ የሰዓቱን ፍጥነት የሚመራውን ጎማ፣ ጉልበት ይቀማል። ጤነኛው ሰዓትም ትንሽ ይደክማል፤ ከቆመ ግን ዘይቱ ሳይደርቅ አይቀርም። እስኪ ሙሉ ሞልተውት የሚቆምበትን ሰከንድ ይንገሩን።

የማራኪ ልጅ
አንዳንድ ውድ ሰዓቶች ቆጣሪው ሲያዝ ሩቢውን ከልቡ የሚያነሣ ተጨማሪ ክፍል አላቸው። የእርስዎ ከሌለው ይዘው አያቆዩት። አለመግጠሙን በተመለከተ፣ ሁልጊዜ በእኩል መጠን ከሳተ ቆጣሪው ከተተከለበት ተንሸራትቷል። አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ካረፈ ግን ሞላው ደክሟል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። የማን ሥራ እንደሆነም ይዩ፤ ሰዓት ሠሪው ሪቻርድ ሃብሪንግ እ.ኤ.አ. በ1992 ለወጣው የአይደብልዩሲ (የስዊዝ ኩባንያ) ሰዓት ራትራፓንቱን የገነባው ቫልዡ 7750 በተባለው የታወቀ የሰዓት ሞተር ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ የመሠረቱ መለዋወጫ አያስቸግርም።

አራዳ ሰፈር
ክዳኑን ከፍተው ጠብታ ዘይት ቢጨምሩበትስ? የስፌት መኪናዬ በዚያ ነው የሚነሣው።

የቀድሞ ሰዓት ሠሪ
እግዚኦ! መቆንጠጫዎቹና የሚይዙት የጎማ ጠርዝ ደረቅ መሆን አለባቸው፤ ዘይት ከነካቸው ቆጣሪው ይንሸራተታል።

«ጠቁሯል» የተባለው ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። በጥሩ ሰዓት ላይ የዘንጎቹ ብረት በአንድ ጎን ሲያዩት ጥቁር፣ ዘንበል ሲያደርጉት ነጭ ከሆነ፣ በቆርቆሮ ላይ ተዳምጦ የታሸ የእጅ ሥራ ነው። ጥቁረቱ ራሱ ጌጡ ነው! ጎማዎቹን ከላይ በሚይዙት ብረቶች፣ በድልድዮቹ ላይ የሚታዩት ትይዩ መስመሮችም ጭረት አይደሉም። በ45 ዲግሪ ገደማ የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ሹል ማዕዘን ከሠራ፣ እሱን የሚያወጣው የሰው እጅ ነው። አንድ ጊዜ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም።

አሠልጣኝ ከአዘዞ
ሙሉ ሞልቼ ሞከርሁ። ከያዝሁት በኋላ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ ባለው ይቆማል። ሲለቀቅም ሁልጊዜ አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ ያርፋል። ብረቱን ዘንበል ሳደርገው በእርግጥ ነጭ ሆነ።

የቀድሞ ሰዓት ሠሪ
እንግዲያው የሚቆመው ሽቅቡ ላይ ነው። ተፈትቶ ይታጠብ፣ ዘይቱ ይታደስ፣ ቆጣሪው በመጨረሻ እንደገና ይተከል። ሸክሙን ለመቀነስ ሞላውን የሚያላላ ካለ አይፍቀዱለት፤ ሲለቀቅ ቆጣሪው ከጓደኛው አይደርስም። አዲስ አበባ ከላኩትም ራትራፓንት ፈትቶ የገጠመ ሰው መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። እስከዚያው ልጆቹን በስልክ ይለኩ።